ውድ ወይዘሮ እታለም ቧንቧ ውሃ

እታለም ወደ ሱቄ ሲመጡ ከበሩ ላይ ሳል አሰምተው ነው የሚገቡት። ያን ቀን ግን ሳይስሉ ገቡ። ጊዜው ሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። ደሴ ቧንቧ ውሃ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። እታለም ስልካቸውን ከኮምፒውተሬ አጠገብ አስቀመጡና «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። «ውድ ወ/ሮ እታለም ቧንቧ ውሃ፣ እንኳን ለፋሲካ በዓል አደረሰዎ» ይልና ስለ አንድ አዲስ የቤት ዕቃ መደብር ቅናሽ ይቀጥላል። ከሥሩ ሌላ መልእክት አለ። እሱ ደግሞ «ውድ ወ/ሮ እታለም ቧንቧ ውሃ፣ ዒድ ሙባረክ» ይላል። በዚያ ዓመት ፋሲካና ዒድ አል ፈጥር የአንድ ሳምንት በዓል ነበሩ።

«ሁለቱም በዓል የእኔ ነው እንዴ?» አሉና ሳቅ አሉ። ቀጥሎ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ይኸውልህ፣ መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። ባንክም ቀበሌም የሚያውቀኝ በዚያ ነው። እታለም ቧንቧ ውሃ ተብዬ የተጻፍኩት በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው። የት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። የቅሬው መዝገብ ላይ ነው። የቅሬው ጸሐፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

አዲስ አበቤው እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የእኛ ቅሬ 140 አባወራና እማወራ አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ይቀብራል፣ አንድ ላይ ያስተዛዝናል። መዝገቡ ዋና ሥራው ስም መጥራት ነው። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያላለ ይቀጣል። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ሁለት እታለሞች ቢገጥሟቸው የአባታቸውን ስም መጠየቅ ነውር መስሏቸው ይሁን ቸኩለው፣ አንዷን «እታለም ሸዋ በር»፣ ሌላዋን «እታለም ቧንቧ ውሃ» ብለው መዘገቧቸው። የሸዋ በሯ እታለም ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የቧንቧ ውሃዋ ይኸው ስልካቸውን ይዘው ከፊቴ ቆመዋል።

ነገሩን ልናዘዝ። ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ አንድ ነጋዴ ሱቄ መጥቶ ነበር። አዲስ መደብር ሊከፍት ነው፤ ምጣድ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የቡና ስኒ። «የሰፈሩን ሰው ስልክ ብታገኝልኝ መክፈቻውን በመልእክት አበስር ነበር። እኔም ለቅሬው ወንበር እሰጣለሁ» አለኝ። የቅሬው ወንበር ግማሹ እግሩ የተሰበረ ነው። ክረምቱም እየመጣ ነው። ለራሴ አንድ ብር አልተቀበልኩም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረው ነበር። ዝርዝሩን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁት። በሳምንቱ 20 የፕላስቲክ ወንበር መጣ። አባላቱ አመሰገኑት፤ እኔንም አመሰገኑኝ።

ያ ዝርዝር እንዴት እንደተሠራ ካልነገርኳችሁ ግን የሠራሁት ጥፋት አይገባችሁም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሰው ተበተነ። ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ወደ ገጠር ዘመድ፣ ገሚሱም እዚሁ ቤቱን ዘግቶ። ስልክ ተቋረጠ። ኅዳር ማብቂያ ላይ ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ ስትመለስና ሰዉ መሰብሰብ ሲጀምር፣ ማን የት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ የሚያውቅ አልነበረም። የቅሬው ዳኛ ጠሩኝና «ልጄ፣ እንግዲህ ሰዉን በስልክ ፈልግልን» አሉኝ። ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ ከዘመድ ዘመድ እየጠየቅኩ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቁጥር ጻፍኩ። «አለን» ያለኝ ሰው ሁሉ ቁጥሩን የሰጠኝ ለዚያ ነው። ሞትም ሕይወትም እንዲያገኘው። እኔ ያንን ነው ለብርድ ልብስ ማስታወቂያ የሰጠሁት።

ማታ አሜሪካ ቨርጂኒያ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ዘጠኝ ዓመት የማስታወቂያ ደብዳቤ አትሞ፣ አጥፎ፣ በፖስታ አሽጎ በሚልክ ድርጅት ውስጥ በሌሊት ተረኛነት ሠርቷል። ምክር ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን በመጀመሪያ የሳቀውን ሳቀ።

«ጋሼ፣ ሳታውቀው ጨው ነስንሰሃል!» አለኝ።

«የምን ጨው?»

እሱ ዘንድ የሰው ስምና አድራሻ ዝርዝር እንደ ቤት ይከራያል። ባለቤቱ ዝርዝሩን ለአንድ ጊዜ ብቻ ያከራየዋል፤ ዋጋውም በሺህ ስም ሒሳብ ነው። ተከራዩ ደብቆ ሁለተኛ ቢልክበት በምን ይታወቃል? ለዚህ ሲባል ባለቤቱ በዝርዝሩ መሐል ጥቂት የፈጠራ ስሞች ይከታል፤ አድራሻቸው የራሱ ወይም የዘመዱ ቤት ነው። በእነዚያ ስሞች ያልተፈቀደ ደብዳቤ ሲመጣ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ይህን ዝርዝርን ጨው መነስነስ ይሉታል። የእኛ እታለም ቧንቧ ውሃ ማንም ሳያስበው የተነሰነሰ ጨው ሆነው ተገኙ። የተያዝኩት ሌባ ደግሞ እኔው።

ያን ሌሊት የሙያውን ቋንቋ ሲያስተምረኝ አመሸ። ድርጅቱ ራሱ ደንበኞቹን እየመዘገበ ያጠራቀመው የቤት ዝርዝር ይባላል፤ ከሌላ የተገኘው የኪራይ ዝርዝር። ሁለት ዝርዝር አጋጥሞ የተደጋገመውን ማስወገድ መርጅ ፐርጅ ነው፤ እኛ እህል ስንነፋ የምናደርገውን ማለት ነው። ተልኮ ባለቤቱን አጥቶ የተመለሰ ደብዳቤ ኒክሲ ይባላል። ሰው ፈቅዶ ሲመዘገብ ኦፕት ኢን፣ «በቃኝ አውጡኝ» ሲል ኦፕት አውት ይሉታል። «በቃኝ» ያሉትንና የሞቱትን ለይቶ የሚይዝ፣ «ለእነዚህ እንዳትልክ» የሚል ሌላ ዝርዝርም አለ። አሜሪካኖቹ ደብዳቤ አትላኩብን የሚሉ ሰዎች የሚመዘገቡበት አገልግሎት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

«ከሁሉ የሚያስገርምህ» አለኝ፣ «የሙያው ሰዎች አንድ የቆየ ሕግ አላቸው። የማስታወቂያ ደብዳቤ ውጤት ከመቶ 40 እጁ የዝርዝሩ ነው፤ 40 እጁ ያቀረብከው ዕቃና ዋጋ፤ ቃላቱና ሥዕሉ 20 እጅ ብቻ። ስለዚህ ሰውየው ከሱቅህ ይዞ የወጣው ትልቁን ሀብት ነው። ስንት ከፈለህ?»

«20 ወንበር።»

«140 ሰው፣ 20 ወንበር። ለሰባት ሰው አንድ የፕላስቲክ ወንበር» አለና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ንግዱ አሮጌ ነው። ቺካጎ ላይ አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1872 የዕቃ ዝርዝርና ዋጋ የታተመበት አንድ ነጠላ ወረቀት ለገጠር ገበሬዎች በፖስታ መላክ ጀመረ። ገበሬው ከተማ ሳይወርድ ያዝዛል። ወረቀቱ እያደር ወፍራም መጽሐፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ ፖስታ ለየአካባቢው ባለ አምስት አሐዝ ቁጥር ሲሰጥ፣ ነጋዴዎቹ ዝርዝሩን በሰፈር፣ በሰፈር በኩል ደግሞ በኪስ እየለዩ መላክ ቀለላቸው። ዛሬ የአክስቴ ልጅ በር ላይ ያለችው ሣጥን ከደብዳቤ ይልቅ በማስታወቂያ ነው የምትሞላው።

እኛ ከዚህ የዳንነው በአድራሻ እጦት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ደብዳቤ ግን ቤታችን ድረስ አልመጣም፤ እኛ ነን ፖስታ ቤት ሄደን ሣጥን የምንከፍተው። ሣጥን ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። መምህሩ አባቴ የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር ለዘመድ የሚሰጡት። በዚህ ምክንያት የማስታወቂያ ደብዳቤ የሚባል ነገር የቧንቧ ውሃን ዳገት ወጥቶ አያውቅም። ሞባይል ሲመጣ ግን እያንዳንዳችን አንዳንድ የፖስታ ሣጥን በኪሳችን ያዝን፤ ቁልፏም በእጃችን የለም። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል 70 ብቻ። «ውድ ወ/ሮ እታለም ቧንቧ ውሃ» የሚለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 18ቱን ይበላል። ነጋዴው ለዚያች ስም ከ70 ላይ 18 የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው በስሙ ሲጠራ ዞር ይላል።

ነጋዴው ሌላም ነገር ሞክሯል። ሙያተኞቹ ዝርዝርን መከፋፈል የሚሉት ነው፤ ለወጣቱ አንድ፣ ለአዛውንቱ ሌላ፣ ለክርስቲያኑ አንድ፣ ለሙስሊሙ ሌላ። የቅሬው መዝገብ ሃይማኖት የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። ሰውየው በስም ለመገመት ሞከረ። በወሎ ደግሞ ይህ አይሆንም! የራሱ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ የሙስሊም፣ የአያቱ ተመልሶ የክርስቲያን የሆነ ሰው በየቤቱ አለ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ጎረቤታችን «ዒድ ሙባረክ» ደረሳቸው፤ ጾመው ሊያፈጥሩ የተቀመጡት ሐጂ «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ» ተባሉ። ግራ ያጋባው ስም ሁሉ ሁለቱንም ተላከለት። ከጉዳዩ ሁሉ ሰፈርተኛው ያልተቀየመበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሐጂም አገልጋዩም መልእክታቸውን ተለዋውጠው አሳይተው ሲስቁ ነበር።

ያላሳቀኝ ሌላው ነው። ከሱቄ ኋላ ያለችው ጎረቤቴ ባሏን ያጣችው በ2013 ነው። በቅሬ ደንብ ባል ሲሞት አባልነቱ አይጠፋም፤ ሚስት ትቀጥልበታለች። መዝገቡ ላይ ግን ስሙ እንዳለ ቀረ። ስንበተንና ስንሰበሰብ ቁጥሩን ስጠይቃት የሰጠችኝ የእሱን ስልክ ነበር፤ ሞልታ ታስቀምጠዋለች። ረቡዕ ማታ ቡና ጠርታን ሄድን። ከአቦሉ በኋላ ስልኩን ከመደርደሪያው አወረደችና ሰጠችኝ። «ውድ አቶ» ይልና የባሏ ስም ከነአባቱ። «በዚህ በዓል ባለቤትዎን በአዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያስደስቷት።»

«ስልኩ ሲጮህ ልቤ ዘለለ» አለችኝ። «ከሄደ ወዲህ በስሙ የጠራው አልነበረም።»

አልተቆጣችም። ማን ቁጥሩን እንደሰጠም አልጠየቀችም። ስኒዬን ያዝኩ እንጂ መጠጣት አቃተኝ። ቀብሩ ላይ ስም የጠራሁት እኔ ነበርኩ። 140ውንም ስጠራ የእሱ ስም ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፌያለሁ። እኔ አፌ ያወቀውን ዝርዝሩ አላወቀም። ቅሬ ሟችን ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ ማኅበር ነው፤ የእኔ መዝገብ ግን ሟቹን ምጣድ ግዛ አለው።

በማግስቱ ነጋዴው ዘንድ ሄጄ ዝርዝሩን እንዲያጠፋ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከፊቴ አጠፋው። ቀጥሎ ግን አንገቱን አከከና «ኮምቦልቻ ላለ ጓደኛዬ ግን ልኬለት ነበር» አለኝ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ዝርዝሩ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ገብቷል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል።

ቅሬው የተሰበሰበው ዒድም አልፎ፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነበር። ዳኛው ወርሃዊውን መዋጮ አስቆጥረው ሲጨርሱ «የምናገረው አለኝ» ብዬ ተነሣሁ። እታለም ከፊት ረድፍ፣ ከአዲሶቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ ራሴ እንድናገር ጊዜ ሰጥተውኛል። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ፍላሹን፣ ወንበሩን፣ ኮምቦልቻን። የጎረቤቴን ነገር ግን አላነሳሁም፤ የእሷ ነው።

አንድ ወጣት «ታዲያ ምን አለበት፣ ስልክ ቁጥር አይደል እንዴ፣ ስንቱ ጋ አለ» አለ። አንድ አባት ደግሞ «እኔ ቁጥሬን የሰጠሁህ ሞቼ እንደሆነ እንድታረጋግጥ ነው እንጂ ዕቃ እንድትሸጥልኝ ነው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ወንበሩ ይመለስ የሚሉ ተነሡ። ያን ጊዜ እታለም ዱላቸውን መሬት ላይ አንኳኩ።

«ወንበሩ ምን አጠፋ? ለቀስተኛ ይቀመጥበታል። የወንበሩን ዋጋ ቅሬው ለባለቤቱ ይክፈል፤ ዕዳ አይኑርብን። ልጁ ደግሞ በእግሩ የሰበሰበውን ስም በእግሩ ይዙርበት። እያንዳንዱን ቤት ገብቶ ‹ቁጥርህ ይኑር ወይስ ይውጣ› ብሎ ይጠይቅ።»

እንዲሁ ተወሰነ። እኔም 500 ብር ተቀጣሁ። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ገባ፤ የቅሬው ስም ዝርዝር ከሐዘንና ከስብሰባ ጥሪ ውጭ ለማንም አይሰጥም፤ ዳኛም ቢሆን ብቻውን አይፈቅድም።

ዙሩ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰባት ሰው ቁጥሩን አስወጣ። 11 ስም አረምኩ። አራት ቤት በሟች ስም ተመዝግቦ አገኘሁ። ጎረቤቴ ቤት ስደርስ የባሏን ስም በእሷ ስም ልተካው እንደሆነ ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና «ስሙን በእኔ ተካው። ስልኩ ግን የእኔ ነው፣ ቁጥሩ ይኑር» አለችኝ። እንዳለችው አደረግኩ።

ልክ በዓመቱ፣ በመጋቢት 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። የዜና ዘገባውን ስሰማ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል የሚለው ነገር፣ ሰውየው ሲፈቅድ ነው የሚለው ነገር፣ እታለም በዱላቸው መሬት አንኳኩተው የተናገሩት ነው። ነገሩ ከዚያም በፊት በሕግ ያልታሰበ አልነበረም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በፖስታም በስልክም የሚደረገውን መጻጻፍና ግንኙነት አይደፈርም ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም የተማርኩት ከአንዲት መልእክት ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ዝርዝር ለያዛችሁ ነው። የእቁብ ጸሐፊ፣ የማኅበር ሒሳብ ያዥ፣ የክፍል ተጠሪ መምህር፣ የሠርግ ጥሪ የምታደሉ ሚዜዎች፣ የሰፈር የቴሌግራም ቡድን የምትመሩ ወጣቶች። በእጃችሁ ያለው ወረቀት ቀላል ነው፤ ከኪስ ይገባል፣ በፍላሽ ይገለበጣል። አንድ ሰው ወንበር ይዞ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ለራስ ካልሆነ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። እናንተ ግን ቁጥሩን ስትቀበሉ ሰውየው ምን ብሎ እንደሰጣችሁ አስታውሱ።

ዙሩን ስጨርስ የመጨረሻዋ እታለም ነበሩ። መዝገቡን ከፍቼ «እንግዲህ ስምዎን እንደ መታወቂያዎ ላስተካክለው» አልኳቸው።

«ተወው!» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት ‹ወ/ሮ እታለም ቧንቧ ውሃ፣ ሎተሪ ደርሶዎታል፣ የባንክ ቁጥርዎን ይላኩ› የሚል መጣልኝ። እውነተኛ ስሜን ቢጽፍ ኖሮ ያታልለኝ ነበር። ስሙን ሳይ ግን ያ ከአንተ የወጣው መሆኑን አወቅኩና ስልኩን ዘጋሁት። አሁንማ ይሄ ስም ጠባቂዬ ነው።»

መዝገቡን ዘጋሁት። ባለፈው ወር ቀብር ላይ ስም ስጠራ «እታለም ቧንቧ ውሃ» አልኩ። ከሴቶቹ መሐል «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ነበር።